የወባ መድኃኒት ከቅጠላ ቅጠል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ወባ ትበረታለች፣ ጥያቄውም አብሮ ይጎርፋል። ፌጦ ይሠራል ወይ? ብሳናስ? እንትን ዩኒቨርሲቲ የወባ መድኃኒት አገኘ የሚባለው እውነት ነው? እዚህ የሚደጋገሙትን ሰብስቤ መልሻለሁ። አሁን ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ካለ ግን ታሪኩን ይዝለልና ወደ ታች ወርዶ "አሁን አሞኛል" የሚለውን ያንብብ።

ከቅጠላ ቅጠል ወባን የሚያድን መድኃኒት በእርግጥ ወጥቶ ያውቃል?

ያውቃል፤ ያውም ዋና ዋናዎቹ። ኪኒን የወጣው ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ልጥ ነው። ፔሌቲየርና ካቫንቱ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1820 ንጥረ ነገሩን ከልጡ ለይተው አወጡት። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁ ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተርም መነሻው አርቴሚሲያ አኑዋ የምትባል ተክል ናት። ስለዚህ "ቅጠል ደግሞ ምን ያደርጋል" የሚለው ንቀት አያዋጣም። "ቅጠል ስለሆነ ያድናል" የሚለውም እንደዚያው።

የቻይናው ታሪክ ሁልጊዜ ይነሳል። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው?

መንገዱ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሰሜን ቬትናምን ወታደሮች ወባ ይፈጃቸው ነበር፣ የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪንም ተውሳኩ ተላምዶት አልሠራ ብሏል። ቻይና ፕሮጀክት 523 የሚባል ሚስጥራዊ ምርምር ጀመረች። ቁጥሩ የተጀመረበት ቀን ነው፤ ሜይ 23፣ 1967። ቱ ዩዩ የምትባል ተመራማሪ ከነቡድኗ የድሮ መጻሕፍት እያገላበጠች፣ የባህል ሐኪሞችንም እየጠየቀች ከ2,000 በላይ የመድኃኒት አሠራሮች ሰበሰበች። ከእነዚያ ውስጥ ወደ 200 ከሚሆኑ ዕፅዋት 380 ያህል ጭማቂ አውጥተው አይጥ ላይ ሞከሩ። ቺንግሃኦ የምትባለው ተክል (ያቺው አርቴሚሲያ አኑዋ) በመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ ውጤት ሰጠች፣ ሲደግሙት ግን ወረደ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ጌ ሆንግ የሚባል ሰው የጻፈውን እንደገና ብታነብ፣ ተክሏን በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት ነው የሚለው። አፍሉት አይልም! ሙቀቱ ይሆን እንዴ መድኃኒቱን የሚያጠፋው ብላ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር ሞከረችው። ኦክቶበር 1971 ላይ ቁጥር 191 የተባለው ናሙና አይጥ ላይ ያለውን ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በዓመቱ እሷና ባልደረቦቿ ደኅንነቱን ለማየት መጀመሪያ ራሳቸው ወሰዱት። የኖቤል ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ2015 መጣ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ሌላኛውን ተክል ነው። ቻንግሻን የምትባል፣ እዚያው ቻይና ውስጥ ለወባ ለረጅም ዘመን ያገለገለች ሥር አለች። ተውሳኩን በደንብ ትገድላለች። በሽተኛውን ግን ክፉኛ ስለምታስመልስ እንደ መድኃኒት ልትዘልቅ አልቻለችም። ከአንድ ቱ ዩዩ ጀርባ እንደዚህ ያሉ ብዙ ቻንግሻኖች አሉ።

እኛ ሀገር የትኞቹ ተሞክረዋል?

ብዙ። ብሳና፣ ክትክታ፣ ግራዋ፣ እሬት፣ ሰንሰል፣ ዲግጣ፣ ጥንጁት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሽፈራው፣ ኒም... ዝርዝሩ ረጅም ነው። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ የፋርማሲ ትምህርት ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ማለት ይቻላል የሆነ ቅጠል ሞክሯል። የባህል ሐኪሞችን "ለወባ ምን ትሰጣላችሁ?" እያሉ የሚጠይቁ ጥናቶች ላይ ደግሞ ብሳናና ነጭ ሽንኩርት አይጠፉም።

ውጤቱ በጥቅሉ ሲታይ ይመሳሰላል። አይጧ ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ይቀንሳል፣ መጠኑ ሲጨምር ይበልጥ ይቀንሳል፣ አይጧም ካልታከመችው ትንሽ ቀናት ትበልጣለች። ለማወዳደሪያ የሚሰጠው ክሎሮኪን ግን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ቅጠሉ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ያሳያል እንጂ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። የዜና ርዕሶቻችን ይሄን ልዩነት ቢያከብሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ሙከራው በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው?

ቅጠሉ ተለቅሞ መጀመሪያ ወደ ዕፅዋት ባለሙያ ይሄዳል። ማንነቱ ይረጋገጣል፣ ናሙናውም ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ይሄን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። አንድ ወረዳ ውስጥ በአንድ ስም የሚጠራው ተክል ተሻግራችሁ ስትሄዱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የተሞከረው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለ3 ቀን ይዘፈዘፋል። ይጠለላል። ዝቃጩ እንደገና ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሙጫ የመሰለ፣ ማንኪያ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነው። ሽታው ላብራቶሪውን ሳይሆን ጋውናችሁን ነው የሚወርሰው፤ ታጥቦም አይለቅም።

አይጧ ላይ በብዛት የሚሠራበት የፒተርስ የ4 ቀን ሙከራ ይባላል። ከታመመች አይጥ ደም ተወስዶ፣ 10 ሚሊዮን ያህል የተያዙ ቀይ የደም ሴሎች ያሉበት 0.2 ሚሊ ሊትር በጤነኛ አይጦች ሆድ ይወጋል። አይጦቹ በዕጣ ይመደባሉ። ገሚሶቹ ጭማቂውን በተለያየ መጠን፣ አንደኛው ቡድን ክሎሮኪን፣ አንደኛው ደግሞ ጭማቂው የተበጠበጠበትን ባዶ ፈሳሽ ብቻ ይወስዳሉ፤ በቀን አንዴ፣ ለ4 ቀን፣ በጉሮሮ በሚገባ መርፌ መሰል ቱቦ። በማግስቱ ከጅራቷ ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ይሳባል፣ ጂምሳ በሚባል ቀለም ይቀለማል። ከዚያ ዘይት ጠብ አድርጎ ማይክሮስኮፕ ላይ መቀመጥ ነው። ሮዝ የሚመስሉ የደም ሴሎች፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበትና ቀይ ነጥብ። ቆጣሪው ሰው የትኛው ስላይድ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ሲደክም ዓይን የሚፈልገውን ማየት ይጀምራልና።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ባዶ ፈሳሽ የወሰዱት ላይ ከተገኘው የተውሳክ መጠን የታከሙት ላይ የተገኘው ይቀነሳል፣ ለመጀመሪያው ይካፈላል፣ በመቶ ይባዛል።

ለምን አይጥ? የሰው ወባ ላይ ለምን አይሞክሩትም?

አይጦቹን የሚይዘው ፕላስሞዲየም በርጊ የሚባል የወባ ተውሳክ ነው። ከኮንጎ የዱር አይጦች የተገኘ ነው፣ ሰው አይዝም። ለላብራቶሪ ሠራተኛው ጥሩ፣ ለእውነቱ ግን ጎደሎ። የሰውን ወባ ከሚያመጡት ተውሳኮች ገዳዩ ፋልሲፓረም ሲበስል ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አንጎልን የሚያውክበት የራሱ ጠባይ አለው፣ የአይጡ ይሄን ሁሉ በትክክል አያሳይም።

ፋልሲፓረምን ከሰው ውጭ በጠርሙስ ማሳደግ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይቻላል። ትኩስ የሰው ደም፣ የተመጠነ የጋዝ ቅልቅል፣ የማይቋረጥ 37 ዲግሪ፣ ዘሩን ለማቆየት ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ በጠርሙስ ያደገው ተውሳክም አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው አብዛኛው የሀገራችን ሥራ አይጥ ላይ የቀረው። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላኛው የሰው ወባ ተውሳክ ደግሞ ይብሳል። እስካሁን ያለማቋረጥ በጠርሙስ ሊያድግ አልቻለም፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ስለሚቀሰቀስም ደሙን ብቻ አጽድቶ ዳነ ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይቫክስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው እየታወቀ፣ ቅጠሎቻችን ጉበት ላይ ያለውን ይነኩ እንደሆነ የሚፈትሽ ሥራ ማግኘት መከራ ነው።

"በኪሎ 400 ሚሊግራም ሲሰጥ ተውሳኩን 60 በመቶ ቀነሰ" የሚል ጥናት አነበብኩ። ጥሩ አይደለም?

ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን አብረን እናስላው።

የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ የተለመደው መንገድ ለ12.3 ማካፈል ነው። 400 ሲካፈል በኪሎ ወደ 32.5 ሚሊግራም ይመጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2 ግራም ገደማ ጭማቂ። ከደረቁ ቅጠል 10 በመቶው ብቻ ጭማቂ ሆኖ ይወጣል እንበል፤ ስለዚህ በቀን 20 ግራም ደረቅ ዱቄት፣ ያውም በሜታኖል የወጣው በውሃም እኩል ይወጣል ብለን ነው። እናትህ ሻይ ውስጥ የምትጨምረው ሦስት ቅጠል የትና የት!

ሁለተኛ፣ 60 በመቶ ምን ማለት ነው? የታመመ ትልቅ ሰው ውስጥ ያለው ተውሳክ በቢሊዮን የሚቆጠር ነው። ከአርቴሚሲያ አኑዋ የሚወጣው አርቴሚሲኒን በአንድ የ48 ሰዓት የተውሳኩ ዑደት 10,000 እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል። ከ10 ቢሊዮን 60 በመቶ ብትቀንስ 4 ቢሊዮን ይቀራል። ያ የቀረው እንደገና ይባዛል።

ተመራማሪዎች ራሳቸው የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። በኪሎ 100 ሚሊግራም ብቻ ተሰጥቶ ከግማሽ በላይ ከቀነሰ በጣም ጥሩ፣ 250 ላይ ከሆነ ጥሩ፣ 500 ላይ ከሆነ መካከለኛ ይባላል። ጥናት ስታነቡ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን በስንት ሚሊግራም እንደሆነ እዩ።

ተፈጥሯዊ ነገር ምን ጉዳት አለው?

ዋጊኖስን ጠይቁ። የሀገራችን ደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ በባህል ለተለያየ ሕመም ይሰጣል። ውስጡ ብሩሳንቲን የሚባል ውህድ አለ። የወባ ተውሳክን በጠርሙስ ውስጥ በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይጨፍራል። ችግሩ የሰውንም ሴል መግደሉ ነው። እንዲያውም አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለካንሰር ያጩት በዚህ ምክንያት ነበር፣ ሰው ላይ ሲሞከር ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም ስላላሳየ ቆመ። ለዚህ ነው አንድ ነገር ተውሳኩን ስንት እጥፍ ከሰው ሴል ይልቅ ይጎዳል የሚለው ስሌት የሚሠራው። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ነው የያዛችሁት።

"አይጥ ላይ እስከ 2,000 ሚሊግራም ጉዳት አላሳየም" የሚለው ዓረፍተ ነገርም ብዙ ሰው ያታልላል። ይሄ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለ14 ቀን አይጧ መሞት አለመሞቷ፣ መፍዘዝ አለመፍዘዟ የሚታይበት ሙከራ ነው። ለሳምንታት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት ላይ፣ ፅንስ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ወባ የሚብስባት ናት፣ መጀመሪያ ቅጠል የሚሰጣትም እሷ ናት። ይሄ ያናድደኛል።

ጭቁኝና አሪቲ የአርቴሚሲያ ዘመድ ናቸው ይባላል። ሻዩን ብጠጣስ?

ዘመድነቱ እውነት ነው። አርቴሚሲኒን በብዛት ያላት ግን አርቴሚሲያ አኑዋ ናት፤ ጭቁኝ ውስጥ የለም ወይም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሌሎች ውህዶች አሉት፣ እነሱ መጠናታቸው ደግ ነው።

የአኑዋ ሻይስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለወባ ሕክምናም ሆነ መከላከያ እንደማይደግፈው ተናግሯል። ቅጠሏ ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ተለቀመበት ጊዜ ይለያያል፣ በውሃም በደንብ አይወጣም። አነስተኛ መጠን ተውሳኩን ሳይጨርስ ያለማምደዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ የተውሳክ ለውጥ ቀድሞውኑ ታይቷል፣ በጎረቤት ኤርትራም እንዲሁ። የቀረንን መድኃኒት በሻይ ማበላሸት የለብንም። ሰዎች የሚያሰራጩት "ሻዩ ከዘመናዊው መድኃኒት በልጦ ሠራ" የሚል የኮንጎ ጥናትም ታትሞ ነበር፣ በኋላ መጽሔቱ ራሱ ሰርዞታል።

አያቴ ዕድሜ ልኳን ፌጦ በሎሚ ነው የምትጠጣው፣ ወባ ገድሏት አያውቅም። ይሄስ ምን ይባላል?

አያትህን እግዜር ያቆይልህ። ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ወባ እየደጋገመው ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። ይሄ የሌለው ደገኛ ነው የሚያልቀው። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ከፍታ ያላቸውን ሰፊ አካባቢዎች ሲመታ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ የዛሬው የሁመራና የመተማ የቀን ሠራተኛም ብዙው ከደጋ የሚወርድ ነው። ሁለተኛ፣ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ታይፈስም ግርሻም ጉንፋንም ያንቀጠቅጣል። ሦስተኛ፣ የወባ ትኩሳት ራሱ ይመጣል ይሄዳል፤ ባልመጣበት ቀን የጠጣኸው ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። አራተኛም አለ፣ ፌጦው በእውነት የሆነ ነገር አድርጎ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰው ግን ይሄን መለየት አይቻልም።

ይሄ ሁሉ ዓመት ተሞክሮ ለምን አንድም መድኃኒት ከእኛ ሀገር አልወጣም?

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ እየረገጥን ስለሆነ ነው። አብዛኛው ሥራ የማስተርስ መመረቂያ ነው። ተማሪው ቅጠሉን ይዘፈዝፋል፣ አይጥ ላይ ይሰጣል፣ ውጤቱን ያሳትማል፣ ይመረቃል። የሚቀጥለው ተማሪ ሌላ ቅጠል ይዞ ከሀ ይጀምራል። ገዳዩ ውህድ የትኛው ነው? ቅርጹ ምን ይመስላል? የሚለውን የሚመልሰው መሣሪያ ውድ ነው፣ ኬሚስቱና ፋርማኮሎጂስቱም ሁልጊዜ አይገናኙም። ሰው ላይ ለመሞከር ደግሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት ጋር የሚቀራረብ አይደለም።

አንችልም ማለት ግን አይደለም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናቸው። ከዚያ እንዶድ ተጠና፣ ንጥረ ነገሩ ተለየ፣ ዓለም አወቀው። ያም ሆኖ የውጭ ተቋማት ውጤቱን እስኪቀበሉ ድረስ ስንት ዓመት ፈጀ።

ሌላው መንገድ የማሊ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። እነሱ ከአይጥ ሳይሆን ከሰው ጀመሩ። መንደር እየዞሩ "ልጃችሁን ወባ ሲይዘው ምን ሰጣችሁ? ዳነ?" እያሉ ጠየቁ። አርጌሞኔ ሜክሲካና የሚባል እሾሃም፣ ቢጫ አበባ ያለው አረም በልጦ ወጣ፤ እኛም ጋ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ሐኪሞች እየተከታተሉ የበሽተኞቹን ውጤት መዘገቡ፣ መጠኑን ወሰኑ፣ በኋላም ከዘመናዊው ቅንጅት መድኃኒት ጋር አወዳደሩት። በቅጠሉ ከታከሙት 89 በመቶ፣ በዘመናዊው ከታከሙት 95 በመቶ የሚሆኑት ሌላ መድኃኒት ሳያስፈልጋቸው ተሻላቸው። (ይሄን ሰምታችሁ አረሙን እንዳትቀቅሉ፣ ፍሬው መርዝ ነው።)

የባህል ሐኪሙ ከዚህ ምን ያገኛል?

በሕግ ደረጃ መብት አለው። አዋጅ ቁጥር 482/2006 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ማግኘት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያስገድዳል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምስጋና ገጽ ላይ አንድ መስመር ነው፣ እሱም "የአካባቢው ነዋሪዎች" ተብሎ። እንግዲህ ዕውቀቱን ለልጁ ብቻ ነው የምናገረው የሚለውን አባት ክፉ አትበሉት። ሳይነግረው የሚሞትም አለ፣ ያኔ ሁላችንም ነው የምንከስረው።

አሁን አሞኛል፣ ወባ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ተነስተህ ሂድ። ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ድረስና ተመርመር። ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም ለ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ በወተት ወይም ቅባት ባለው ምግብ ውሰደው፣ አንደኛው ንጥረ ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኪንና ጉበት ውስጥ ለተኛው ፕሪማኪን ይሰጥሃል። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብለህ አታቁም፣ ለጎረቤትም አታካፍል። ምርመራው ነፃ ነህ ብሎህ ትኩሳቱ ካልለቀቀህ ተመለስ፣ ፈጣኑ መመርመሪያ የማያያቸው ተውሳኮች አሉ።

ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ማንም ቢሆን የሚያስመልሰው፣ የሚያንቀጠቅጠውና ራሱን የሚስት፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። የጠጣችሁትን ቅጠል ለሐኪሙ ንገሩ። ቢቆጣችሁም ንገሩት፣ ጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ የሚችል ነገር ሊኖር ይችላል። ፌጦውንና ነጭ ሽንኩርቱን እንደ ምግብ ከመድኃኒቱ ጎን ብትበሉ ማንም አይከለክላችሁም። በመድኃኒቱ ፈንታ ግን አይሆንም።

ተማሪ ነኝ፣ በዚህ ርዕስ ቴሲስ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

አዲስ ቅጠል ከመፈለግህ በፊት ቀደም ብለው ጥሩ ውጤት ያሳዩትን ፈትሽ፤ ከነሱ አንዱን ወደ ክፍልፋይና ወደ ንጹህ ውህድ ብታወርደው አሥር አዲስ ጭማቂ ከመሞከር ይበልጣል። የባህል ሐኪሙ በውሃ ከሆነ የሚዘፈዝፈው አንተም በውሃ የወጣውን ከሜታኖሉ ጎን ሞክረው። እንዴት እንደሚያዘጋጀው ቁጭ ብለህ እይ፣ ትኩስ ነው ደረቅ፣ ያፈላዋል አያፈላውም፣ ከማር ጋር ነው ከቅቤ። ኬሚስት ጓደኛ ያዝ። አማካሪህ የአይጥ ፈቃድና የሥነ ምግባር ወረቀት ሳይወጣ ጀምር ቢልህ እሺ አትበል። ውጤቱ ምንም ካልሆነም "አልሠራም" ብለህ አሳትመው፣ ቢያንስ ቀጣዩ ሰው ያንኑ ቅጠል ለሁለት ዓመት አይዘፈዝፍም።